ከካዝናው እጀታ የወረደው ኮት

«ሊሰርቅ ገብቶ ነው የተቆለፈበት» ትላለች ዋና ገንዘብ ያዥዋ። ሰኞ ጠዋት ለጥበቃው ነገረችው፤ ለጽዳት ሠራተኛዋ ደገመችላት፤ መርማሪዋ የባንኩን ደጃፍ ሳታልፍ «ሊሰርቅ ገብቶ እኮ ነው!» ብላ ተቀበለቻት። ወሬ እንዲህ ደጋግሞ የሚያዞር ሰው የሚሸፍነው ነገር አያጣም።

ሟቹ የካዝና ክፍሉ ሠራተኛ ነበር፤ ትልቅ ትንሹ «ጋሼ» የሚለው፣ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ። ባንኩ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ሲከፍት ካስመጣቸው አዳዲስ የብረት በሮች ከአንዱ ጀርባ አየር አጥሮት ሞቶ ወድቋል። ባልደረቦቿ «ወስፌ» የሚሏት መርማሪ ጎንበስ ብላ እጆቹን አየች። የጣቶቹ አንጓ ተላልጦ ደም ረግቶበታል።

«ሌባ ይደበቃል እንጂ በር አይደበድብም» አለች።

ሴት ልጁ ጥግ ላይ ኮቱን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«የት አገኘሽው?»

«ወንበሩ ላይ፣ ተጣጥፎ። አባዬ ደግሞ ኮት አጥፎ አያውቅም። ካዝና ሲገባ የበሩ እጀታ ላይ ነው የሚሰቅለው። ‹ብትጠሩኝ አልሰማም፤ ኮቴን ካያችሁ ውስጥ ነኝ› ይላቸው ነበር።» ኮቱን ደረቷ ላይ አስጠጋች። «ነገ ነው ቀብሩ፣ እትዬ። እንደ ሌባ ልቅበረው?»

«እንደ ሌባስ አትቀብሪውም።»

ወስፌ ወደ ገንዘብ ያዥዋ ዞረች።

«በሩ እንዴት ነው የሚቆለፈው?»

«በሁለት ቁልፍ። አንዱ የኔ ነው፣ አንዱ የሥራ አስኪያጁ። ሁለታችንም ካልቆምን አይሆንም።»

«ቅዳሜ ስትቆልፉ ኮቱ የት ነበር?»

«ኮት? ምንም ኮት አላየሁም።»

«የሽማግሌው ወንበር ከመስኮትሽ አጠገብ ነው። ወይ ዓይንሽ ታሟል፣ ወይ አልነበርሽም።»

ገንዘብ ያዥዋ ወደ መስኮቷ ተመለሰች።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ፎቶ ቆሟል፤ የተዘጋው በር ያብለጨልጫል፣ እሱ አጠገቡ ፈገግ ብሏል፣ ሁለት ቁልፎች በእጁ።

«ያምራል። መቼ ተነሱት?»

«ቅዳሜ፣ ልንወጣ ስንል። ከዚያው ወደ አዲሱ ቅርንጫፍ ምርቃት ሄድኩ። የአካባቢው ኃላፊ አድርገው የሾሙኝም እዚያው ነው።»

በር ላይ ጥበቃው ዓይኑን እየጠረገ፣ «ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ናቸው» አላት። «እሁድ እንኳ ደውለው ‹ጋሼ ቅዳሜ ሲወጣ አይተኸዋል?› ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም አልኳቸው።»

ወስፌ ሁሉንም ካዝናው ፊት ሰበሰበች።

«ኮት የተንጠለጠለበት በር ለፎቶ አያምርም። ስለዚህ አንድ ሰው ኮቱን አወረደ፣ አጣጥፎ ወንበር ላይ አኖረ፣ በሩንም ዘጋ። ገንዘብ ያዥዋ ቁልፏን ሰጥታ ቀድማ ወጥታለች፤ ኮቱን ያላየችው ለዚህ ነው። ሟቹ ሌባ ከሆነ ደግሞ ‹አንቺስ የት ነበርሽ?› የሚላት የለም።»

«ታክሲ እንዳያመልጠኝ ነው!» አለች ገንዘብ ያዥዋ ፊቷን ሸፍና። «እሳቸው ‹እኔ እቆልፈዋለሁ፣ ሂጂ› አሉኝ።»

«እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ መቻኮል ነው። እሁድ ግን፣ ጋሼ ጠፋ ያለ ሰው ሳይኖር፣ ሲወጣ አይተኸዋል ወይ ብለው ደወሉ።» ሥራ አስኪያጁን አፍጥጣ አየችው። «ኮቱ ትዝ ብሎዎታል። ቁልፎቹም ሁለቱም ኪስዎ ውስጥ ነበሩ።»

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አላላ። «ብከፍተው ሁለቱን ይዤ መሄዴ ይታወቅ ነበር። ገና መሾሜ... ወጥቶ ይሆናል አልኩ።»

«አልወጣም» አለች ልጅቱ።

ፖሊሶች ሥራ አስኪያጁን ከወሰዱት በኋላ የካዝናውን በር የገጠመው ባለሙያ በሩን ሊመረምር መጣ። በበሩ ውስጠኛ ፊት፣ ተከፍቶ ሲውል ሰው እንዲያየው ሥራ አስኪያጁ ያስለጠፈው «አብረን እናድጋለን» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ነበር። ባለሙያው ከጠርዙ ይዞ ላጠው። ከሥሩ ትንሽ አረንጓዴ እጀታ ብቅ አለች።

«ይቺ ውስጥ ለቀረ ሰው ናት፤ ያለ ቁልፍ ትከፍታለች። የሠራተኞቹ የበር ሥልጠና ለምርቃቱ ሲባል ተላለፈ እንጂ አሳያቸው ነበር።»

ልጅቱ ኮቱን እንደታቀፈች ተጠጋች።

«ከባድ ናት?»

«ኧረ በአንድ ጣት ነው የምትገፋው።»