በጽራሬ ዳር የተቀመጠ ጫማ

ወይዘሮ ጸሐይነሽ የመቶ አለቃ ምንዋጋውን በር ስታንኳኳ ሰቆጣ ገና አልነቃችም ነበር።

«ልጄን ሊሰቅሉት ነው!» አለች፤ በሩ እንኳ አልተከፈተም።

መቶ አለቃው አንድ እግሩን በቦት ጫማ፣ አንዱን በባዶው ይዞ ወጣ። ቦቱ ጠባብ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከእሱ ጋር መታገል ልማዱ ነበር።

«ማን ነው የሚሰቅለው፣ እማማ?»

«አሥር አለቃ ይግዛው። ነገ በጭነት መኪና ወደ ደሴ እልከዋለሁ ብሏል። ደሴ ሄዶ ማን ተመልሶ ያውቃል?»

«እኔ ተመልሻለሁ።»

«እርስዎማ ፖሊስ ነዎት!»

የሠፈሯ ሰዎች «ጸሐይነሽ ሳይሞት ለቅሶ ትደርሳለች» ይሏታል። ልጇ ተስፋው ካስነጠሰ መጋኛ፣ ከዘገየ ጅብ በላው ብላ የምታስብ ናት። የዛሬው ፍርሃቷ ግን ከባዶ የመጣ አልነበረም። መምህር ወልደ ሐዋርያት በጽራሬ ወንዝ ውስጥ ሞተው ተገኝተዋል፤ ገዳይ ተብሎ የታሰረው ተስፋው ነው።

መምህሩ በጡረታ ላይ ያሉ የሰቆጣ ሰው ነበሩ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ወንዙን ይዘው በእግራቸው ይጓዛሉ፤ የጥንት አብያተ ክርስቲያናትን አንድ በአንድ እየተሳለሙ፣ የዋሻውን አሠራር፣ የግድግዳውን ሥዕል እያዩ። በዚህ በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ጉዞ ላይ ሁለት ሰዎች አብረዋቸው ነበሩ፤ ባለ በቅሎው መንገድ መሪ ተስፋውና ከደሴ የመጣው ፎቶ አንሺ ማሬ። ሞት ያገኛቸው ዓይነ ዋሻ ማርያም ከምትባለው ደብር በታች ነው።

መቶ አለቃው ጫማውን እንደ ምንም አጠለቀና በቅሎ አስጫነ። መንገዱን ሙሉ ጸሐይነሽ ዝም አላለችም።

«ማን ያምነዋል? እቤት ነበር ብል፣ እናቱ ነኝ። ማታውን ደግሞ ሕልም አይቻለሁ።»

«ሕልሙን ይተዉትና ነገሩን ይንገሩኝ። ተስፋው መቼ እቤት ገባ?»

«የማርያም ዕለት፣ ቅዳሴ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ። ቤታችን ማዶ ነው። በቅሎዋን እየሳበ ወንዙን ብቻውን ተሻግሮ መጣ፤ ተቆጥቶ ነበር። ‹ሰውዬው አልሻገርም ብለው ቀኔን አበላሹት› አለኝ።»

መቶ አለቃው በቅሎዋን ገታ። «አልሻገርም አሉ?»

«አዎ። ለይግዛው ብነግረው ሳቀብኝ። ‹አልሻገርም ያለ ሰው ውሃ ውስጥ ምን ይሠራል?› አለኝ።»

*

አሥር አለቃ ይግዛው ከመሻገሪያው ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ውሃው ከክረምቱ ገና አልጎደለም፤ እየደፈረሰ፣ ድንጋይ እያላተመ ይወርዳል። ጸሐይነሽ ከወንዙ ራቅ ብላ ቁጭ ብድግ ትል ጀመር።

«ነገሩ ያለቀ ነው ጌታዬ» አለ ይግዛው። «ሬሳውን ከታች፣ ከአሸዋው ላይ አገኘነው። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተሰብሯል። ጋቢያቸው እዚህ ተጣጥፎ ነበር፤ ጫማቸውና ከዘራቸው ከጎኑ። ይኸው ጫማው።»

መቶ አለቃው ጫማዎቹን ተቀብሎ አገላበጠ። ክራቸው እንደ ታሰረ ነው።

«ሲገኝም እንዲህ ታስሮ ነበር?»

«አልነካሁትም። ይህ የማን ቋጠሮ ነው? የተስፋው። የበቅሎ ጭነት ቋጠሮ ነው። መምህሩ ወገባቸው አይታጠፍም፤ ጠዋት ጠዋት የሚያስርላቸው እሱ ነበር። ‹ላሻግርዎ› ብሎ አወረዳቸው፣ በድንጋይ መታቸው። በዚያ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲጨቃጨቁ ተሰምተዋል።»

«ምን ብለው?»

«‹ዛሬ ካልተሻገሩ ነገ በራስዎ ይወጡት!› ብሏቸዋል። ይህ ዛቻ አይደለም?»

መቶ አለቃው ጫማዎቹን ይዞ ተስፋው ወደ ታሰረበት ጎተራ ሄደ። ወጣቱ ከጥግ ተቀምጧል፤ ዓይኑ አብጧል።

«ተስፋው፣ ይህ ቦት ገደለኝ። እስቲ እንደ መምህሩ አድርገህ እሰርልኝ።»

ተስፋው ግራ ገብቶት ተንበረከከ። ጣቶቹ ሁለት ጊዜ ዞረው ቋጠሮውን ጠበቅ አደረጉት። መቶ አለቃው ሊፈታው ሞከረ፤ ጥፍሩ ታመመ እንጂ አልተፈታም።

«እንደሱ አይደለም ጌታዬ። ይቺን ጫፍ ነው የሚስቡት።» ሳበው፤ ክሩ ባንዴ ረገበ። «ጭነት ገደል ላይ ሲያዘም ቶሎ መፍታት አለብህ።»

«መምህሩስ ይህን ያውቁ ነበር?»

«እንዴታ! አስተምሬያቸዋለሁ። ማሰሩን ነው ወገባቸው የከለከላቸው፤ መፍታቱንማ በከዘራቸው ጫፍ ሳብ ያደርጉት ነበር።»

«ለምን አልሻገርም አሉ?»

«አልነገሩኝም። ‹ዛሬ አይሆንም፣ ነገ› ብቻ አሉ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው። እኔ በቅሎዋን ሳበላ ስለነበር ቅዳሴ አልገባሁም። አናደዱኝና ክፉ ተናገርኳቸው። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ሆነ።»

*

መምህሩና ማሬ ያረፉት ከወይዘሮ አመተ ሥላሴ ቤት ነበር። አመተ ሥላሴ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ዛሬ ግን መቶ አለቃውን በደጃፍ አቆመችው።

«በማርያም ዋዜማ መምህሩ እንዴት ነበሩ?»

«ደህና ነበሩ። እራት አልበሉም። ‹ሆዴን› አሉኝ።»

«ውሃስ?»

«ውሃም አልጠጡ።» መሬት መሬት አየች። «አልጋውን ለፎቶ አንሺው ለቀው ቁርበት ላይ ተኙ። ደግሞ… ‹አመተ ሥላሴ፣ ያስቀየምኩሽ ካለ ይቅር በይኝ› አሉኝ። ምን አስቀይመውኝ ያውቃሉ?» እንባዋን ጠረገች።

«ሞታቸውን አውቀውት ነበራ!» አለች ጸሐይነሽ ከኋላ።

«በሞቴ አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ጊዜ እንኳ በጎ ተናገሪ!» ብላ አመተ ሥላሴ ወደ ውስጥ ገባች።

ማሬን ከግቢው ወይራ ሥር የካሜራውን መነጽር በጨርቅ እየወለወለ አገኙት። ጥቁር የእንጨት ሣጥኑ ከጉልበቱ ሥር ነው። ቀልጣፋና ተጫዋች ሰው ነበር።

«መምህሩ እንደ አባቴ ነበሩ» አለ። «ከቅዳሴ ሲወጡ አጠገባቸው ነበርኩ። ከእንስራው ውሃ አስቀድተው አፋቸውን ተጉመጥምጠው ተፉ፤ ሳቅ አሉና ‹ማዶ ቂርቆስን ዛሬ ሳልሳለም አላድርም› አሉኝ። ከዚያ ከተስፋው ጋር ወደ መሻገሪያው ወረዱ። እኔ የዋሻውን ፊት ሳነሳ ቀረሁ።»

«ተጉመጥምጠው ተፉ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ። ምነው?»

«እንዲያው ነው። በሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?»

«ያልታጠበ ፊልም። ብርሃን ከነካው ይቃጠላል፤ የጉዟችን ልፋት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።»

የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ገብረ ሊባኖስ ደግሞ ጭራሽ አላናግር አሉ። የመምህሩ የነፍስ አባት እሳቸው ነበሩ።

«አባ፣ ያን ዕለት መምህሩን በቤተ መቅደስ አዩዋቸው?»

«ነፍሳቸውን ይማር። ፍትሐት አድርገን ቀብረናቸዋል። ሬሳ አይታማም፣ ልጄ።»

«ማን አማቸው?»

አባ መስቀላቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙና ፊታቸውን አዞሩ።

መቶ አለቃው ብቻውን ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ መምህሩ ይወዱት የነበረውን የወንዝ ዳር መንገድ ተከተለ። መንገዱ በገደሉ ወገብ ላይ፣ እንደ ቀበቶ የጠበበ ነው፤ ወንዙ ከሥር ይጮኻል። ከአንድ መታጠፊያ ላይ አንድ የእሬት ተክል ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ዳገቱን እየተንፏቀቀ ወረደ። ከሥር፣ ዝናብ ከማይደርስበት አለት ላይ፣ የደረቀ ጥቁር ደም አገኘ። ከዚያ እስከ ውሃው ድረስ ሣሩ ተጋድሟል። ቦታው ከመሻገሪያው በላይ ነው፤ ማንም ሊሻገር የማይመጣበት።

ሲመለስ አባን ጠርቶ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ዕቃ ቤቱን ከፍተው ከንዋያተ ቅድሳቱ የጎደለ እንዳለ እንዲያዩ።

*

ሁሉም ከወይራው ሥር ተሰበሰቡ። ተስፋው እጁ እንደ ታሰረ ቆሟል። ጸሐይነሽ የነጠላዋን ጫፍ እያኘከች የልጇን ፊት ታያለች፣ ወዲያው ደግሞ የይግዛውን ጠመንጃ።

«ከጫማው እንጀምር» አለ መቶ አለቃው። «አሥር አለቃ፣ ይህን ጫማ ክሩን ሳትፈታ አውልቀው ብልህ ምን ታደርጋለህ?»

«ተረከዙን ይዤ እጎትታለሁ።»

«ተስፋውስ? በአንድ ጣት ይፈታዋል። መምህሩም በከዘራቸው ይፈቱታል። ቋጠሮው የተስፋው ነው፤ ስለዚህ ያወለቀው ተስፋው አይደለም። ጫማውን ያወለቀው ቋጠሮውን የማያውቅ ሰው ነው። ሊፈታው ታግሎ ሲያቅተው ጎተተው።»

ይግዛው ጫማውን እንደ አዲስ አየው።

«አሁን ወደ ዋዜማው። አንድ አዛውንት በማርያም ዋዜማ እራት ይተዋሉ፣ ውሃ አይጠጡም፣ ቁርበት ላይ ያድራሉ፣ የቤቱን እመቤት ይቅርታ ይጠይቃሉ። በማግስቱ ከቅዳሴ አፋቸውን ሸፍነው ይወጣሉ። እማማ ጸሐይነሽ ሞታቸውን አወቁ አሉ። እኔ ግን ለሌላ ነገር ሲዘጋጁ ነው የታየኝ። አባ፣ መምህሩ ቆርበው ነበር?»

አባ ገብረ ሊባኖስ ቀና ብለው ተስፋውን አዩ።

«እኔው ነኝ ያቆረብኳቸው» አሉ።

ሰዉ አጉረመረመ። አመተ ሥላሴ ፊቷን ሸፈነች።

«ታዲያ ለምን ደበቁኝ?»

«ሥጋ ወደሙን የተቀበለ ሰው በዚያ ቀን ወንዝ አይሻገርም፣ ገላውን አይነከርም። ውሃ ውስጥ ተገኙ ሲሉኝ… ሕጉን የጣሱ መሰለኝ። እንዲህ ያሉ ሰው! ስማቸው እንዳይነሳ ብዬ ዝም አልኩ። ያስቀደሱትም ሁሉ ዝም አሉ።»

«ለሙት አዝናችሁ ሕያዉን ልትገድሉት ነበር» አለ መቶ አለቃው፤ ድምፁን ግን አላነሳም። «መምህሩ አልሻገርም ብለዋል። ተስፋው እውነቱን ተናግሯል። ቆርበዋልና እንኳን ወንዝ ሊገቡ፣ ምራቃቸውን አይተፉም። ሆኖም አንድ ሰው አፋቸውን ተጉመጥምጠው ሲተፉ በዓይኔ አየሁ ብሎኛል። ያስቀደሰ ሰው ይህን ውሸት አይዋሽም። መቁረባቸውን ያላወቀው፣ ሁሉም ቤተ መቅደስ ሳለ እሱ ሌላ ቦታ የነበረ ሰው ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ማሬ ዞረ።

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ ማሬ። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል። «ሰው አይሳሳትም?»

«አባ፣ ከዕቃ ቤት ምን ጎደለ?»

«ባለ መዝጊያዋ ሥዕል፣ የእመቤታችን። ለዓመታዊው በዓል ብቻ ነው የምትወጣ። መጎናጸፊያዋ ብቻ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።»

«ማሬ፣ ሣጥኑን ክፈት።»

«ፊልሙ ይቃጠላል አልኩ እኮ!»

«ይቃጠል።»

ይግዛው ሣጥኑን ነጥቆ ከፈተው። ከጥቁር ጨርቅ ውስጥ መዳፍ የምታህል፣ ሁለት መዝጊያ ያላት የእንጨት ሥዕል ወጣች። አባ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ተሳለሟት።

ማሬ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ሣጥኑን ልያዝልህ አሉኝ» አለ ለራሱ እንደሚናገር። «እየሄድን ነበር። በእጃቸው አናወጡትና ‹ፊልም አያንኳኳም፣ ልጄ› አሉኝ። አልጮሁም። ‹ና እንመልሳት፣ ለማንም አልናገርም› ነው ያሉኝ። እኔ ሣጥኑን ብቻ ልነጥቅ ነበር…»

«ከወደቁ በኋላስ? ያን ጊዜ ሰው ልትጠራ ትችል ነበር።»

ማሬ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

«ጫማቸውን አወለቅክ፣ ወንዝ ውስጥ ጨመርካቸው፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈህ ከጫማው ጋር መሻገሪያው ላይ አኖርክ። ወንዝ ዳር የሚሄድ ሰው ሲሞት ሁሉም ‹ሲሻገር› እንደሚል ታውቃለህ። ወሬው ወደ ተስፋው ሲዞርም ዝም አልክ።»

ይግዛው ገመዱን ከተስፋው እጅ ፈትቶ ወደ ማሬ ሄደ። ተስፋውን ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም።

አባ ገብረ ሊባኖስ ወደ ወጣቱ ተጠጉ። ከዘራውን፣ የመምህሩን ከዘራ፣ ከአመተ ሥላሴ በር ጥግ አንስተው ሰጡት።

«ማዶ ቂርቆስን ሳይሳለሙ ቀሩ» አሉ። «አንተ አድርስላቸው።»

ተስፋው ከዘራውን በሁለት እጁ ተቀበለ። «‹በራስዎ ይወጡት› አልኳቸው እኮ፣ አባ።»

«ሰምተውሃል። ስትሄድ በዓይናቸው ሸኙህ፤ አፋቸውን እንደ ሸፈኑ በመስቀል ምልክት ባረኩህ» አለች አመተ ሥላሴ። «ይህንንም ደብቄህ ነበር፤ ይቅር በለኝ።»

ከቀትር በኋላ እናትና ልጅ ወደ መሻገሪያው ወረዱ። መቶ አለቃው ቦቱን አውልቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። ተስፋው ከዘራውን እፊቱ እየተከለ፣ የእናቱን እጅ በሌላው ይዞ ውሃው ውስጥ ገባ። ጸሐይነሽ ከመሃል ስትደርስ ቆመችና ወደ ላይ፣ አንድም ደመና ወደሌለበት ሰማይ አየች።

«ቶሎ በል ልጄ» አለች። «ይሄ ወንዝ ሳይሞላ።»