የጉደታ ቁመት

«ቀጥ በይ እንጂ! ተረከዝሽን ከግድግዳው አስጠጊ።»

ዲንቄ ተረከዟን አስጠጋች። እናቷ አስካለች የፈትሉን ጫፍ ልጇ አናት ላይ ያዘችና ወደ ታች ለቀቀችው።

«ጉልበቴ አያስጎነብሰኝም፤ ጫፉን በተረከዝሽ ርገጭልኝ።»

«እማዬ፣ የጉደታን ጧፍ በኔ ቁመት ትለኪዋለሽ?»

«ሲሄድ ያሁኗን አንቺን ያክል ነበር።» አስካለች ፈትሉን ልትቆርጥ አለችና ተወችው። አንድ ስንዝር ጨምራ ቆረጠች። «እዚያ አድጎ ይሆናል» አለች።

የዲንቄ ታላቅ ወንድም ጉደታ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። በሕይወት ይኑር አይኑር የነገራቸው ሰው የለም። እናቱ በሰላም ከተመለሰ ቁመቱን የሚያህል ጧፍ ለየካ ሚካኤል ልታስገባ ተስላ ነበር። ስለት የሚገባው የለመኑት ሲደርስ ነው፤ አስካለች ግን ከዚህ በላይ መጠበቅ አቃታት።

በዚያው ልክ ሌሎች ክሮችን ቆራርጣ አንድ ላይ ገመደቻቸው፤ ከዚያ በቀለጠ ሰም ነክራ በመዳፏ እያሸች አለሰለሰቻቸው። ቤቱ ማር ማር ሸተተ። ሰሙ ሳይደርቅ ጧፉን ጠቀለለችው።

«ነገ አንቺ ትወስጂዋለሽ። እኔ ያን ዳገት አልችለውም።»

ዲንቄ ክው አለች። ነገ እሁድ ነው፤ ሰኔ ሚካኤል። የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ደግሞ እንጦጦ ተዳፋት ላይ ችግኝ ለመትከል የሚወጣው ነገ ነው። ሊቀመንበሩ ከበበ በክረምቱ ሐይቅ ዳር ወደሚካሄደው የወጣቶች ካምፕ የሚሄዱ ሁለት ልጆችን የሚመርጠው ከተከላው በኋላ ነው። አንዷ ዲንቄ እንደምትሆን ማኅበሩ በሙሉ ያውቃል። ሐይቅ አይታ አታውቅም። ከበበ ባለፈው ስብሰባ ላይ ቤተ ክርስቲያን በሚሄዱት እያፌዘ «ሻማ የሚያስፈልገው መብራት ሲጠፋ ነው» ሲል ከሁሉም በላይ የሳቀችውም እሷ ነበረች።

ለእናቷ ግን «እሺ» አለች። ጧፉን በር ላይ ለአንድ ሰው ሰጥታ ትሮጣለች።

ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ያካፋ ነበር። መንገድ ላይ የክፍል ጓደኛዋ ኢፍቱ አካፋ ተሸክማ አገኘቻት።

«ነጠላ? ዛሬ? አንቺ ፋራ፣ ሰው እየተሰበሰበ እኮ ነው!»

«አድርሼ መጣሁ። አምስት ደቂቃ!»

የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንዲት አሮጊት ጫማቸውን ሲያወልቁ አየች። ጠጋ ብላ «እማማ፣ እባክዎ ይህን ያስገቡልኝ» አለች።

«የማን ነው?»

«የወንድሜ። ዘምቶ ነው።»

«ታዲያ ማን ይዞት ይቁም?» አሮጊቷ ከነጠላቸው ሥር የራሳቸውን ጥቅል ጧፍ አወጡ። ወፍራም ነው። «ይሄ የሁለት ልጆቼ ነው። እጄ ሞልቷል። በይ ጫማሽን አውልቂና ነይ።»

ዲንቄ ወደ መንገዱ ዞር ብላ አየች። ኢፍቱ ርቃለች። ጫማዋን አወለቀች።

ውስጡ ከውጭው ይበልጥ ጨልሟል። ከሴቶቹ መሐል አሮጊቷ አጠገብ ቆመች። ቅዳሴው ረዘመባት፤ እግሯ ቀዘቀዘ፤ ልቧ ተራራው ላይ ነበር። ወንጌል የሚነበብበት ሰዓት ሲደርስ ዲያቆናቱ ጧፍ አበሩ። ከፊት አንዲት ሴት ጧፏን ከእነሱ ለኮሰች፤ ከእሷ ቀጣይዋ፣ ከዚያም ሌላዋ። እሳቱ ሳይጮኽ፣ ሳይቸኩል፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሻገረ መጣ። አሮጊቷ ጧፋቸውን ወደ ዲንቄ አዘነበሉ። ለኮሰች።

ቀና አለች።

ጨለማው የለም። ግድግዳው ላይ የተሳሉት መላእክት ዓይናቸውን የገለጡ መሰሉ። ቤቱ ሙሉ በብርሃን ቆሟል፤ ከየብርሃኑ ሥር ደግሞ የአንዲት እናት እጅ አለ፤ በየእጁም ጥቅል ጧፍ። አንዳንዱ ረጅም፣ አንዳንዱ አጠር ያለ። ሁሉም የሆነ ሰው ቁመት ነው። ዲንቄ ይህ ሲገባት ቆዳዋ ሁሉ ነዘራት። እዚህ የቆሙት ሴቶቹ ብቻ አይደሉም። ከቀበና፣ ከወሰን፣ ከየመንደሩ የሄዱት ልጆች በሙሉ እዚህ ቆመዋል። እያንዳንዳቸው እየቀለጡ ያበራሉ። ጉደታም እጇ ላይ ነበር፤ ሙቀቱ ይሰማታል።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉ አሮጊቷ በሹክሹክታ።

«ኃይለ ሚካኤል።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ስሙን ከልጆቻቸው ስም ጋር ደጋግመው ጠሩት። ዲንቄ መጸለይ ሞከረች፤ ቃል አልመጣላትም። እሳቱን ብቻ አየች። ያ የሚበቃ መሰላት። ቅዳሴው መቼ እንዳለቀም አላወቀችም።

የተረፈውን ጧፍ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥታ ስትወጣ ማኅበሩ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከዳገቱ ሲወርድ አገኘችው። ከፊት ከበበ ነበር። ነጠላዋን አየ፤ ባዶ እግሯን አየ። ጫማዋ እጇ ላይ ነው፤ ማድረጉን ረስታዋለች።

«የት ነበርሽ?»

ኢፍቱ ቀደመቻት። «አሟት ነው ጓድ ከበበ! ሲያስመልሳት አድሮ፣ ጸበል ልትጠጣ ነው የሄደችው።» ዓይኗን ጠቀሰቻት።

ዲንቄ «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች። ቀላል ነበር። ካምፑም፣ ሐይቁም ከዚያች ቃል ወዲያ ማዶ ናቸው።

«አላመመኝም» አለች። «ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። የወንድሜን ጧፍ ይዤ ቆሜ።»

የሚስቅ አልነበረም። ከበበ የጫማውን ጭቃ ድንጋይ ላይ ጠረገ።

«ነገ ቀበሌ ስትጠሪ ይህንኑ ትይዋለሽ?»

«እለዋለሁ።»

«እንግዲህ ካምፑን እርሺው።»

ዲንቄ አንገቷን አልደፋችም።

«ያልተተከለ ችግኝ ቀርቷል?»

ከበበ ግር ብሎት አያት። «አለ። ከላይ፣ ከድንጋዩ አጠገብ ትተናቸዋል።»

ዲንቄ ጫማዋን አጥልቃ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች። አካፋውን ከኢፍቱ እጅ ተቀብላ ወደ ዳገቱ ወጣች።