ስለ በረከት ልጠይቅ ሄጄ

እኔ ዘነበች በመተት፣ በቡዳ፣ በመንፈስ የማላምን ሴት መሆኔን መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ «አንቺ ድሮም ፈሪ ነበርሽ» ሊለኝ ይቃጣዋል፣ አልነበርኩም፣ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ውስጥ አስከሬን አጥቤ፣ አልብሼ፣ እጄን ታጥቤ ምሳዬን ስበላ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ የሞተ ሰው ከቆመው ይልቅ ጨዋ ነው።

አበሻው ግን የሚያውቀኝ በዚህ ሥራ አይደለም፣ በማጣራት ነው። አገር ቤት ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ ቤተሰብ «ቀን ስጡን» ብሎ የወንዱን ዘር እስከ ሰባት ቤት ያጠያይቃል፣ እዚህ ስቶክሆልም ማንን ትጠይቃላችሁ? ሁሉም በየመንገዱ ነው የመጣው፣ እዚህ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም የደጃዝማች ልጅ ነው። ስለዚህ እኔ ፍርድ ቤቱን እጠይቃለሁ። የፖሊሱ መዝገብ አይሆንም፣ እሱን አውጡልኝ ማለት የሚችለው ባለቤቱ ራሱ ነው፣ ፍርድ ቤት የሰጠው ዶም፣ ማለትም የውሳኔው ወረቀት ግን የሁሉም ሰው ነው። ስሙንና የግል ቁጥሩን፣ መታወቂያው ላይ ያለውን፣ ትሰጣላችሁ፣ ቁጥሩ ከሌላችሁ ግብር መሥሪያ ቤት ደውላችሁ ታገኙታላችሁ፣ ሌላ ከተማ ከኖረ የዚያንም ከተማ ፍርድ ቤት ትጠይቃላችሁ፣ በቃ። ማን ነሽ አይሏችሁም፣ ለምን ፈለግሽው አይሏችሁም፣ እንዲጠይቁ ሕጉ አይፈቅድላቸውም።

ውጤቱን የምናገርበትም የራሴ መንገድ አለኝ። ወንዱ ንጹሕ ከሆነ «እልል በሉ» እላለሁ፣ ካልሆነ ዝም ብዬ ወለሉን አያለሁ። በዝምታ የተከሰሰ ሰው የለም፣ ስንት ሠርግ እንዲህ ወለሉን እያየሁ እንዳፈረስኩ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፣ እኔም ስቄያለሁ።

የእህቴ የአስቴር አንድ ልጅ ህሊና ትባላለች፣ እዚሁ ነው የተወለደችው፣ አማርኛ ይገባታል፣ መልሷ ግን በስዊድንኛ ነው፣ እኔንም «ሙስተር» ነው የምትለኝ፣ የእናት እህት ማለታቸው ነው። እሷን ሊያገባ በረከት የሚባል አውቶቡስ ነጂ ሽማግሌ ላከ፣ ሶደርማልም አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ቤተ ክርስቲያን የሚዘምር፣ ሲያናግሯችሁ ጫማችሁን የሚያይ ልጅ ነው። እውነቱን ልናገር፣ አልወደድኩትም፣ እንዲህ አንገቱን የደፋ ወንድ ደስ አይለኝም፣ አንድ ነገር ባገኝበት ብዬ ተመኝቻለሁ። አስቴር ለሽማግሌዎቹ «ቀን ስጡን» አለችና ወደ እኔ ዞረች።

ብዙ ጊዜ በስልክ ነበር የምጠይቀው፣ ያን ቀን ግን ዕረፍት ነበርኩና ከተማም ስለወጣሁ ወደ አንዱ ፍርድ ቤት በእግሬ ገባሁ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ግን የዚህን አገር ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ምሳ ሳይፈጭ ይጨልማል። መስኮቱ ጋ አንዲት ሸምገል ያለች ፈረንጅ ተቀምጣለች፣ ቤቱ ሞቆ ሳለ እጇ ላይ የሱፍ ጓንት አጥልቃለች፣ ይህን ሳይ ብርድ የሚበዛባት ናት ብዬ አለፍኩት። የበረከትን ስምና ቁጥር ነገርኳት፣ አልጻፈችውም፣ ቀና ብላ አየችኝና በስዊድንኛ «ራስሽ መጣሽ ማለት ነው» አለችኝ።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ማን ነሽ አይሉም ብያችኋለሁ። ሴትየዋ ግን መልስ ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ገባች፣ ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፣ የማተሚያ ማሽን ነው አልኩ፣ ግን ማሽን እንዲህ አይጮህም፣ ሽንኩርት የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚለው ነው፣ ችስስ… እኔ ለቤተ ክርስቲያን ሳምቡሳ ስጠብስ የኖርኩ ሴት ይህን ድምፅ አልስተውም፣ ሽታውም መጣ። ተመልሳ ወረቀቱን በመስኮቱ ስታቀብለኝ ጣቴን ፈጀኝ፣ በሻርፔ ጫፍ ይዤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ተከሳሽ የሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ የግል ቁጥሬ፣ አካላ ሰፈር ያለው የቤቴ አድራሻ። ሳቅ መጣብኝ፣ ተሳስታለች አልኩ፣ ቀጥዬ ሳነብ ተጎጂ የሚለው ህሊና ነች፣ ቦታው የእኔ ኩሽና ነው፣ የተጻፈበት ዓመት ገና ያልመጣ ነው። ነገሩ የተነሣው በተጎጂዋ ጋብቻ ምክንያት ነው ይላል፣ ተጎጂዋ በእጇ ወረቀት ይዛ ገባች ይላል፣ ተከሳሿ የፈላ ዘይት ፊቷ ላይ ደፋች ይላል፣ ከዚያ ሐኪሙ ስለ ሁለቱ ዓይኖቿ የሰጠው ቃል አለ፣ እሱን አልደግምላችሁም፣ የፈረዱብኝንም አልነግራችሁም። ቀና ስል የመስኮቱ መጋረጃ ወርዷል።

በምድር ውስጥ ባቡር እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ አካላ፣ ቦርሳዬን አልከፈትኩም። ቤቴ ገብቼ ሳወጣው ወረቀቱ ቀዝቅዟል፣ የሚለውም ሌላ ነው፣ በዚህ ስም የተሰጠ ውሳኔ አልተገኘም፣ ስሙም የበረከት ነው። ልጁ እንደ ጥጥ ንጹሕ ነው። ደክሞኝ ነው ብዬ ልተኛ ስል ግን ሁለት ጣቶቼ ጫፍ ላይ ውሃ ቋጥሯል፣ ይኸው ጠባሳው አሁንም አለ።

እሑድ አስቴር ቤት ሽማግሌዎቹ ለመልስ መጡ። እኔ እንቅልፍ ከዓይኔ ከራቀ ሰንብቷል፣ ህሊና ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፣ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ትልቁ ሽማግሌ «እንግዲህ ወይዘሮ ዘነበች፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉኝ። አፌን ስከፍት ያ ድምፅ ከአስቴር ኩሽና መጣ፣ ችስስ፣ አንገቴን ደፋሁ፣ ወለሉን አየሁ።

አስቴር «ወይኔ ልጄን» አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ አንዱ ኮታቸውን አነሡ። ህሊና ብድግ ብላ «ሙስተር! ሴይ ኖጎት!» እያለች ጮኸች፣ አንድ ነገር ተናገሪ ማለቷ ነው። ያኔ ነው የገባኝ፣ ስለ በረከት የፈረድኩ መስሏቸዋል። መናገር እችል ነበር። ግን ወረቀቱ ጠቡ የመጣው በጋብቻዋ ነው አላለም? ጋብቻ ከሌለ ጠብ የለም፣ ጠብ ከሌለ ዘይት የለም ብዬ አሰብኩ፣ ዓይኗን ላድን ነው ብዬ ዝም አልኩ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። አንዱ ሴት ደብድቦ ነው አለ፣ አንዱ ሐሺሽ ነው አለ፣ ሕፃን ልጅ ነው ያለም አለ። መዘምራኑ በረከትን «ትንሽ ዕረፍት ውሰድ» አሉት። ምስኪኑ የፖሊሱን መዝገብ ራሱ አስወጥቶ፣ ባዶውን ወረቀት፣ ለየሰዉ ሲያሳይ ሰነበተ፣ ሰዉ ደግሞ «ንጹሕ ሰው ወረቀት ይዞ ይዞራል እንዴ?» አለ። አንድ ቀን ሆስፒታል ድረስ መጣ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ «እትዬ ዘነበች፣ እርስዎ አንድ ቃል ይንገሯቸው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያየ። የምገፋውን አልጋ እየገፋሁ አለፍኩት። ከዚያ ሥራውን ለቆ ወደ ሰሜን ሄደ አሉ፣ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ህሊናም ከእኔ ጋር መነጋገር አቆመች።

እኔ ከዚያ ወዲህ ዘይት ቤቴ አላስገባም፣ መጥበሻዬን ጥያለሁ፣ በውሃ ቀቅዬ እየበላሁ ነው የምኖረው። ልቤ አላርፍ ሲል ያው ፍርድ ቤት ደውዬ የራሴን ስምና ቁጥር ሰጠሁ። ስልክ ያነሣው ወጣት ወንድ ነው፣ «ምንም የለም» አለኝ፣ እፎይ ልል ስል «ዛሬ ስለዚህች ሴት የጠየቁ ሁለተኛዋ ሰው ነዎት» አለ። የመጀመሪያዋ ማን ናት ብዬ ብጠይቀው «እኛ አንጠይቅም» ብሎ ዘጋው።

ሐሙስ ዕለት ህሊና ደወለች። ድምፅዋን ስሰማ ደስታዬ እንባ ሆነ። «ሙስተር» አለችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ፣ «አንቺ ሁሉንም ሰው ታጣሪያለሽ፣ አንቺን ግን ማንም አጣርቶ አያውቅም። እንዴት እንደሚጠየቅ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ጠየቅሁ፣ በፖስታ መጣልኝ።»

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ገና ጀመርኩት፣ ቀኑ የተሳሳተ ይመስለኛል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዤው መጥቼ አብረን እናነበዋለን። ወይም አሁን ንገሪኝ፣ በረከት ምን አድርጎ ነበር?»

ይኸኔ ልናገር ነበር፣ ማርያምን፣ ልናገር ነበር። «ምንም አላደረገም» ካልኳት እሑድ ምን ዓይነት ጠብ እንደሚመጣ አሰብኩ፣ ካልነገርኳትም መምጣቷ ነው። ወለሉን እያየሁ ዝም አልኩ። እሷም ትንሽ ጠብቃ ዘጋችው።

ከቤት ለምን አትወጪም ትሉኝ ይሆናል፣ እሑድ ሥራ ይዤ ነበር፣ ትናንት አለቃዬ ደውላ ሠራተኛ ስለበዛ ቅሪ አለችኝ። በር አልከፍትም እንዳልል ህሊና ከልጅነቷ ጀምሮ ቁልፍ አላት።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያየሁት ዓመትም ገብቷል። ጠዋት በሬን ስከፍት የሰንበቴ ሴቶች የነገው ሳምቡሳ ተራ የእኔ ነው ብለው እንደ ልማዳቸው ዘይት በጀሪካን አስቀምጠው ሄደዋል። ውጭ በረዶ ነው፣ ደረጃውም ቀዝቃዛ ነው። ወስጄ ልጥለው ብዬ ጀሪካኑን አቀፍኩት፣ ሞቃት ነው።