ኩቫስ ተብላ የተመዘገበችው ቲሳ

በአውሮጳውያን አቆጣጠር በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስድስት ዓመት፣ የመስከረም ወር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በሀንጋሪ ምድር ኩኖች የሚባሉት ሰዎች የሰፈሩበት ሜዳ ሣሩ ደርቆ ነጥቶ ነበር፤ ከካርጻግ ከተማ ወዲያ ሜዳው ዓይን እስኪታክት ይዘረጋል፤ ከጉድጓድ ውሃ ከሚሳብባቸው ረዣዥም እንጨቶች በቀር ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር አይታይበትም። በዚያ ሜዳ ላይ የአንድ ትልቅ ርስት ስምንት መቶ በጎች ይጠብቅ የነበረው አለቃ እረኛ ኮሮዲ ገርገይ ይባላል። አለቃ እረኛነት በኩኖች አገር የሚናቅ ሹመት አይደለም፤ ስለ እያንዳንዷ በግ ለርስቱ ጌታ በራሱ የሚጠየቅ፣ ከበታቹ ያሉትን እረኞች የሚያዝ፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የታወቀ መቀመጫ ያለው ሰው ነው። ገርገይ የስድሳ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ በሰም የሾለ፣ ሲቆጣ ሦስት ቀን የማይናገር ሰው ነበር፤ ሚስቱ ልድያ ግን ለሁለቱም የሚበቃ ምላስ ነበራት።

በዚያ ዓመት የገርገይ ሐሳብ ሁሉ በአንዲት ውሻ ላይ ነበር። ቲሳ ትባላለች፤ አራት ዓመቷ ነው፤ ነጭ ናት፤ ቁመቷ የሰው ወገብ ይጠጋል፤ ዘሯም ኮሞንዶር የሚባለው የመንጋ ጠባቂ ውሻ ነው። ስሟ የተወሰደው ከታላቁ ወንዝ ነበር፤ በዚያ አገር የወንዝ ስም የወጣለት ውሻ አያብድም ተብሎ ስለሚታመን፣ ሜዳው በሁለቱ ታላላቅ ወንዞች ስም በተጠሩ ቲሳዎችና ዱናዎች የተሞላ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት፣ አንዱ ሠራዊት ወንዙን ተሻግሮ ሲመጣ ሌላው ሲሸሽ፣ ሁለቱም በግ ፍለጋ ወደ በረቱ ተጠግተው ነበር፤ ውሾቹ አናስጠጋም ቢሉ ወታደሮቹ ከገርገይ ሰባት ውሾች ስድስቱን በጥይት ገደሉ፤ ሰባተኛዋ በሦስት እግሯ እያነከሰች በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ቲሳ የእሷ ልጅ ናት። የገርገይ አያትና የአያቱ አባት ያረቡት ዘር በሜዳው ላይ ከእሷ በቀር አልተረፈም፤ ገርገይና ልድያም ልጅ ስላልነበራቸው፣ እሱ ካባቶቹ ተቀብሎ ለሌላ የሚያስተላልፈው ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

በነሐሴ ወር ያበደ ውሻ በጎረቤት መንደር ሁለት ሰዎች ነክሶ አንደኛው ሞተ። የርስቱ ምስለኔም ወዲያው ትእዛዝ አወጣ፤ ዘሩ ታውቆ በመዝገብ የተጻፈለት፣ ወረቀቱም በእጅ የተያዘለት ውሻ ካልሆነ በቀር፣ በርስቱ ላይ ያለ ውሻ ሁሉ በዚያ አገር በመስከረም መጨረሻ በሚውለው በቅዱስ ሚካኤል ቀን በጥይት ይገደል አለ። ገርገይ ቆቡን በእጁ ይዞ ምስለኔው ፊት ቀረበና፣ ውሻዋ የወንዝ ስም እንዳላት፣ በዘሯም ያበደ ውሻ እንዳልነበረ ተናገረ። ምስለኔው ሳቀ፤ በሽታው ስም አይጠይቅም አለው። በዚህ ነገር ምስለኔው አልተሳሳተም፤ በሽታው ወረቀትም እንደማይጠይቅ ግን አላሰበበትም።

ያ ዘመን ለሀንጋሪ የሐዘን ዘመን ነበር። ታላቁ ጦርነት አብቅቶ በተፈረመው ውል አገሪቱ ከሦስት እጅ መሬቷ ሁለቱን እጅ አጥታለች፤ ብዙ የተነጠቀ ሰው የቀረውን መቁጠር ይወዳልና፣ የከተማው መኳንንትና ምሁራን የኛ የሚሉትን ሁሉ መሰብሰብ ያዙ፤ ዘፈኑን፣ ጥልፉን፣ የሸክላውን ቀለም፣ ኋላም ውሻውን። የእያንዳንዱ የውሻ ዘር ቁመቱ ይህን ያህል፣ ጆሮው እንዲህ፣ ጸጉሩ እንዲህ ይሁን ተብሎ በመጽሐፍ ተወሰነ፤ በየከተማውም የውሻ ትርኢት እየተዘጋጀ፣ በዳኞች ፊት ቀርቦ ልኩን ያሟላ ውሻ በዘር መዝገብ ይገባ ጀመር። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ እረኞችም ብዙ ተጠይቀውበታል፤ ጠያቂዎቹ ግን በበግ መሸለቻ ወር ወደ ሜዳው ወርደው አያውቁም ነበር።

የዚያ ዓመት ትርኢት በደብረጸን ከተማ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ቀን ዐሥራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሊውል ተቀጠረ። ባልና ሚስቱ እንደ ሰርግ ተዘጋጁለት። ልድያ የዝናብ ውሃ አሙቃ፣ በገዛ እጇ በሠራችው ሳሙና ቲሳን ሦስት ጊዜ አጠበቻት፤ በመጨረሻው ውሃ ላይ አንሶላ የምታነጣበትን ሰማያዊ ዱቄት ጨመረችበት። በግንቦት የተሸለተው ጸጉሯ አንድ ጣት ያህል አድጎ ነበርና፣ ሲደርቅ ዞማ ሆኖ ተኛ፤ ነጭነቱም ዓይን ይወጋ ነበር። መሸለቱ የቆየ ሥርዓት ነው፤ በጎቹ ተሸልተው ሲያበቁ መቀሱ ሳይቀመጥ ውሾቹ ይሸለታሉ፤ አለዚያ የኮሞንዶር ጸጉር እርስ በርሱ ተጠምዝዞ እንደ ገመድ ይንጠለጠላል፤ እሾህና መዥገር ይሰበስባል፤ ውሻውን ሳይሸልት የከረመ እረኛም ሰነፍ ይባላል። ገርገይ የታጠበችውን ውሻ ዞሮ ዞሮ አያትና፣ አሁን ሰው ፊት ትቀርባለች አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነበር።

በጋሪ አንድ ቀን ተኩል ተጉዘው ደብረጸን ሲደርሱ የገበያው ሜዳ በገመድ ተከልሎ አገኙት። ሙዚቀኞች ይጫወታሉ፤ ባርኔጣ ያደረጉ ወይዛዝርት በወንበር ተቀምጠዋል። በክልሉ ውስጥ ስድስት ኮሞንዶሮች ቆመው ነበር፤ የሁሉም ጸጉር ከራስ እስከ ጅራት ተገምዶ መሬት ይነካል፤ የትኛው ወገን ፊት፣ የትኛው ኋላ እንደሆነ ለመለየት ቆም ብሎ ማየት ያስፈልግ ነበር። የከተማ ጌቶች በአትክልት ቦታቸው ያሳደጓቸው ውሾች ናቸው፤ ከስድስቱ አንዱም በግ አላየም። ገርገይ ወደ ልድያ ጎንበስ ብሎ፣ ለእነዚህ መቀስ የሚይዝላቸው ሰው ጠፋ እንዴ ቢላት፣ ሰው ይሰማሃል ብላ በክርኗ ወጋችው። በእውነትም አዝኖላቸው ነበር።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ዋነኛው ዶክተር ታርናይ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነው። የቲሳን ጥርስ አየ፤ የራሷን አጥንት ዳሰሰ፤ ቁመቷን ለካ፤ ከዚያም እንደገና ከራሷ ጀምሮ ዳሰሳት። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር።

“ጋሼ ገርገይ፣ ይችን ውሻ ማን ነው የሸለታት?”

“እኔ ነኛ፣ ጌታዬ። በጉ ተሸልቶ ውሻዋ ልትቀር ኖሯል?”

“በየዓመቱ ነው የሚሸልቷት?”

“እናቷንም፣ አያቷንም። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርግ።”

የቀሩት ሁለት ዳኞች መጽሐፉን ገልጠው አሳዩ፤ የኮሞንዶር ጸጉር ተገምዶ የሚንጠለጠል ነው ይላል፤ የዚች ውሻ ጸጉር ዞማ ነው፤ ስለዚህ ኮሞንዶር አይደለችም። ዶክተር ታርናይ ጥቂት ተከራከረ፤ አልሰሙትም። ከዚያ ገርገይን ከገመዱ ወዲህ ለብቻው አወጣው።

“እጄ አይዋሽም። ኮሞንዶር ናት፤ እንዲህ ያለ አጥንት ዛሬ እዚህ ካሉት በአንዱም አላየሁም። ግን ሁለቱ አይፈርሙም። ሁለት ዓመት ሳይሸልቷት ያቆዩና መልሰው ያምጧት።”

ገርገይ የምስለኔውን ትእዛዝ ነገረው፤ የቀሩትንም ቀኖች ቆጠረለት። ዶክተሩ ለምስለኔው ደብዳቤ ልጻፍ ቢል፣ ምስለኔው የጠየቀው ደብዳቤ እንዳልሆነ ገርገይ አስረዳው። ዶክተር ታርናይ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ አደረገው።

“ሌላ መንገድ አለ። እንደ ኩቫስ ካየናት ሁሉ ነገሯ ልክ ነው፤ ቁመቷም፣ ቀለሟም፣ ጸጉሯም። ኩቫስ ትባል ካሉኝ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ወረቀቱን ዛሬውኑ ይዘው ይሄዳሉ።”

በመጽሐፉ ዘንድ ኩቫስ ከኮሞንዶር የማያንስ የተከበረ ዘር ነው፤ በጥንት ነገሥታት ደጅ የቆመ ነጭ ውሻ ነው ይሉታል። በገርገይ ሜዳ ግን ቃሉ ሌላ ነበር፤ ኩቫስ ማለት በመንደር አጥር ሥር በሰንሰለት ታስሮ መንገደኛ ሁሉ ላይ የሚጮህ ማንነቱ ያልታወቀ ውሻ ነው፤ ሰው ሰውን ሲሰድብ ኩቫስ ይለዋል፤ ገርገይ ራሱ በጎልማሳነቱ አንድ ፈረስ ጠባቂ አባቱን እንዲህ ቢልበት ጥርሱን ሰብሮታል።

“ልጆቿስ?” አለ ገርገይ።

“ልጆቿም ኩቫስ ይባላሉ፤ የልጅ ልጆቿም። መዝገብ እንዲያ ነው።”

ገርገይ እንደሚያስብበት ተናግሮ ወደ ጋሪው ሄደ። ልድያ ዳቦና በጨው የደረቀ ስብ በቢላዋ እየቆረጠች ጠበቀችው፤ የሆነውን ሁሉ አጫወታት። እሷም አንድ ቁራጭ ስብ ለቲሳ ወረወረችላት።

“ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?”

“ኩቫስ ትባል ነው ያሉት፤ አልሰማሽም? የአያቴን ውሻ ኩቫስ ናት ብዬ በገዛ አፌ?”

“ውሻዋ ማንበብ ትችላለች?”

“እኔ አፍራለሁ፣ አንቺ ሴት። አባቶቼ መቃብር ሆነው ያዩኛል።”

“እንግዲያው አንተ እፈር፣ እሷ ትኑር። ምን ቸገረህ፤ ስታፍር እኔ አብሬህ አለሁ።”

ገርገይ ዳቦውን ሳይቀምስ ተመለሰ። የመዝገቡ ጸሐፊ በገመዱ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር፤ ሥርዓቱም ጸሐፊው እንዲጠይቅ፣ ባለቤቱ ሰው እየሰማ በቃሉ እንዲመሰክር ነው። ጸሐፊው የባለቤቱን ስም ጠየቀ፤ ተነገረው። የውሻዋን ስም ጠየቀ፤ ተነገረው። ዘሯ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ ግን ገርገይ ወደ ኋላው ዞረ፤ በዚያ ተራ የሚጠብቁ ሁለት የሜዳ ሰዎች ነበሩ፤ ገርገይን ያውቁታል። ጸሐፊው አልሰማም ይሆናል ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመለት። ገርገይ እጁን በውሻዋ ራስ ላይ አኖረና፣ “ኩቫስ ናት” አለ። አንደኛው የሜዳ ሰው መሬት መሬት አየ፤ ዶክተር ታርናይም ወደ ሌላ ውሻ ዞረ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ገርገይ እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ አልተናገረም፤ ልድያም አላናገረችውም።

በቅዱስ ሚካኤል ቀን የርስቱ ዘበኛ ጠመንጃውን ይዞ በየበረቱ ዞረ፤ ዐሥራ አራት ውሾች ገደለ፤ የቲሳን ወረቀት አይቶ አለፈ። ከዚያ በኋላ ቲሳ ዘጠኝ ዓመት ኖረች፤ አራት ጊዜ ወለደች፤ ቡችሎቿም በእናታቸው ወረቀት ምክንያት ከጥይት ተረፉ። ገርገይ በየግንቦቱ እሷንም ልጆቿንም መሸለቱን አላቋረጠም፤ ግን የመሸለቱ ምክንያት ተለውጦ ነበር። ቀድሞ ስለ ሙቀትና ስለ መዥገር ይሸልት ነበር፤ አሁን ግን ጸጉሩ አድጎ የተገመደ እንደሆነ እውነቱ ይገለጣል፣ ወረቀቱም ይሰረዛል ብሎ ፈርቶ ይሸልታል። አባቱ ያወረሰው ሥራ የገዛ ውሸቱ መሸሸጊያ መሆኑ ከስሙም በላይ አቃጠለው፤ ይህንንም ለልድያ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነግሯታል። በዚያው አቆጣጠር በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ዓመት፣ በብርዱ ወራት በሳንባ በሽታ ሞተ፤ ልድያም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው።

ከአራት ዓመት በኋላ ሌላው ጦርነት በዚያ ሜዳ ላይ አለፈ፤ ውሾቹም እንደ ቀድሞው በበረታቸው ደጅ ቆመው ተገደሉ። ሰላም ሲሆን የውሻ ዘር አፍቃሪዎች የተረፈውን ለመሰብሰብ የቆየውን መዝገብ ገለጡ፤ በመዝገቡም መሠረት ከቲሳ ልጆች የተወለዱ ጥቂት ውሾች በየመንደሩ ተገኙና ከኩቫሶች ጋር እንዲራቡ ተደረገ። አልፎ አልፎ ከዚያ ዘር ጸጉሩ የሚገመድ ቡችላ ይወለድ ነበር፤ የተበላሸ ነው እየተባለ ይወገድ ነበር። አንዳንድ ሰዎች ነገሩ ግራ ገብቷቸው መዝገቡ ተሳስቶ እንደሆነ ጠይቀዋል። ሊቃውንቱ ግን አይሆንም አሉ፤ በመዝገቡ ውስጥ ካሉት ቃሎች ሁሉ ይህኛው የሚታመን ነው፤ የከተማ ጌታ የሰጠው ቃል አይደለም፤ ዘሩን ካያቱ የተቀበለ አለቃ እረኛ ሕዝብ እየሰማ በገዛ አፉ መስክሮበታል፤ የውሻዋን ማንነት ከእሱ የበለጠ ማን ያውቃል ብለው ጻፉ። በዚህ በመጨረሻው ነገር እውነታቸውን ነው።