እስከ በሩ ድረስ

አቶ ደበላ 18 ማዞሪያ ካለው ሕንፃ ጀርባ፣ ኮብልስቶኑ ላይ በጀርባቸው ወድቀዋል። ዓይናቸው አይታይም፤ ፊልሙ ውስጥ ያሉ የሚያስመስለው ጥቁሩ የቪአር መነፅር ጭንቅላታቸው ላይ እንደታሰረ ነው። ኢንስፔክተር አልፊያ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ደሙን አየችና አለፈችው። ዓይኗ ያረፈው ኮታቸው ላይ ነበር።

«ሳጅን፣ በዚህ ሐሩር የኮቱን ቁልፍ ሁሉ የሚቆልፍ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«ሽማግሌ ናቸው፤ ብርድ ፈርተው ይሆናል» አለ ሳጅን ያደሳ።

«ብርድ የፈራ ሰው ባዶ እግሩን ይሆናል?»

ሁለቱም ሽቅብ አዩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ መከላከያ ብረት ያልተገጠመለት በረንዳ አለ። በክፍቱ በር የወጣ መጋረጃ በነፋስ ይወዛወዛል።

ላይ፣ በጌም ቤቱ ውስጥ፣ ባለቤቱ መህዲ በካቴና ታስሮ ቆሟል። የሟች ልጅ ሌሊሴ ትጮኽበታለች።

«በረንዳህን ከፍተህ አባቴን ገደልከው!»

«ወላሂ ቆልፌዋለሁ! ቁልፉ በሩ ላይ ነው የሚውለው እንጂ ከፍቼው አላውቅም።»

አልፊያ መህዲን አየችው። በሩን ሌላ ሰው መክፈቱ ካልተረጋገጠ ወህኒ ነው የሚወርደው።

«አቶ ደበላ ጌም ይጫወቱ ነበር?» አለችው።

«ኧረ የለም። ባለቤታቸውን ሊያዩ ነው የሚመጡት። እትዬ ብርሃኔ ባለፈው ዓመት ሞተዋል። በሞቱበት ቀን ወንድማቸው ጋሽ ፍቅሬ ሳሎኑን ዙሪያውን በሚቀርጽ ካሜራ ቀርጸውት ነበር። ካሜራው ከጋሽ ደበላ ወንበር ራስ በላይ ስለነበር፣ መነፅሩን ሲያጠልቁ ቤታቸው ቁጭ ያሉ ነው የሚመስላቸው። እትዬ ያወራሉ፣ እሳቸው ይመልሳሉ።»

«ወንበሩስ?»

«ሁሌ ወደ ግድግዳው ነው። ፊልሙ ሲጀምር ሳሎኑ የሚዞረው ሰውየው ወዳየበት ነው። ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ደግሞ ‹ከቦታህ እየራቅህ ነው› የሚለው የማስጠንቀቂያ መስመር መነፅሩ ውስጥ አይበራም። ዛሬ እኔ ወዲያኛው ክፍል የኳስ ጌም ከሚጫወቱት ጋር ነበርኩ። ጠዋት ጋሽ ፍቅሬ መጥተው መነፅሩን ወልውለው ሄደዋል፤ ደግ ሰው ናቸው። ለጋሽ ደበላ ያጠለቀችላቸው ሌሊሴ ናት።»

አልፊያ ወደ ሌሊሴ ዞረች። ልጅቷ ድምፅዋ አልቆ ነበር።

«ወንበሩ ዛሬ ወደ መጋረጃው ዞሮ ነበር። መህዲ ነው ያዞረው ብዬ ዝም አልኩ። ኮቱን ፈታሁለት፤ ጫማውን አወለቅሁለት። ከዚያ ውኃ ልግዛ ብዬ ወረድኩ። ከእማዬ ጋር ሲሆን ሁሌም ብቻውን ነው የምተወው።»

አቶ ፍቅሬ አየር ጤና ካለው ፎቶ ቤታቸው ተጠርተው መጡ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ እጃቸው ንጹህ ሰው ናቸው።

«ፊልሙ የት ላይ ነው የሚያልቀው?» አለች አልፊያ።

«‹ብላ እንጂ፣ ምን ያኮራፍሃል!› ስትለው። ከዚያ የካሜራው ባትሪ አለቀ። ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ።»

«እህትዎ እንዴት ሞቱ?»

«ከቤት ወጥታ አስፋልቱን ስትሻገር ሚኒባስ ገጫት። ደበላ ውኃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰው እንኳ እስከ በር ይሸኝ ነበር። ያን ቀን ብቻ ወንበሩ ላይ ቀረ።»

አልፊያ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ምንጣፉ ላይ የወንበሩ እግር ያጎደጎደው የቆየ ምልክት ወደ ግድግዳው ያያል። ወንበሩ ግን ፊቱን ወደ መጋረጃው አዙሮ ቆሟል። የፖሊስ ባለሙያው ከሟቹ ፈትቶ ያመጣውን መነፅር አጠለቀችና ተቀመጠች።

ሳሎን ሆነ። ብርሃኔ ፊት ለፊቷ ጎመን ትቀነጥሳለች። «ዛሬ ደግሞ ማን ነካህ? ብላ እንጂ፣ ምን ያኮራፍሃል!» ብላ ሳቀች። አልፊያ ጨለማውን ጠበቀች። ጨለማው አልመጣም። ብርሃኔ እጇን አበሰች፤ ነጠላዋን ከወንበር አነሳች።

«ልሂድ እንግዲህ። አትነሳ፣ ደክሞሃል።»

ወደ በሩ ሄደች። አልፊያ ባሏን ከቀበረች ወዲህ እንዲህ አጠገቧ ተነስቶ የሄደ ሰው አልነበረም።

«ኢንስፔክተር! ወዴት ነው?»

ያደሳ ክንዷን ጨምድዶ ይዟታል። መነፅሩን አወለቀች። ቆማ ነበር፤ መጋረጃው ፊቷን እየነካ ነው።

ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ደንግጦ የተነሳ ሰው ኮቱን አይቆልፍም» አለች። «ሌሊሴ የፈታችውን ኮት አቶ ደበላ በዳበሳ ቆለፉት፤ እንግዳ ሊሸኙ ነዋ። ግን ሁሌ የሚያዩት ፊልም ውስጥ ማንም አይነሳም። ዛሬ ብርሃኔ ተነሱ፤ ወጡ። ታዲያ ባትሪው አልቆ ከነበረ ይህ ቅጂ ከየት መጣ? ካሜራው ከነበረው ሰው ነዋ! ያው ሰው ጠዋት እዚህ ብቻውን ነበር። ፊልሙን ቀየረ፤ የሳሎኑ በርና የበረንዳው በር አንድ አቅጣጫ እንዲሆኑ ወንበሩን አዞረ፤ የበረንዳውን በር ከፍቶ መጋረጃውን ጋረደው። አቶ ደበላ ሰው ሳይሸኙ እንደማይቀመጡ የነገረኝም እሱ ራሱ ነው። ሳጅን፣ ካቴናውን ፍታለት።»

መህዲ የተፈታ እጁን አየ።

አቶ ፍቅሬ ሊክዱ አልሞከሩም።

«እኔ መጨረሻ ያየኋት ሬሳ ክፍል ነው። እሱ ግን በመጣ ቁጥር ትስቅለታለች። ያን ቀን ሳይሸኛት የቀረው ዛሬ የሚነሳ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው። ያን ቀን እንደተቀመጠው ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬም በሕይወት ነበር።»

«‹አትነሳ› ስትለው ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«አጎቴ» አለች ሌሊሴ፣ «በእኔ እጅ?»

አቶ ፍቅሬ አንገታቸውን ደፉ። ያደሳ ይዟቸው ወረደ፤ መህዲ የበረንዳውን በር ዘግቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሌሊሴ የአባቷን ጫማ ልትወስድ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ማስረጃ ነው ስትባል መልሳ አስቀመጠችው።

«እማዬ ስትወጣ ዞር ብላ አየችው?»

ውሸቱ አልፊያ ከንፈር ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊልሙ ችሎት ላይ መታየቱ አይቀርም።

«አላየችውም።»

ሌሊሴ ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን አጣፋችና ወደ ደረጃው ሄደች።

«አይነሱ» አለች።

አልፊያ ተነሳች። ደረጃውን አብራት ወረደች፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ።