የሶፊ አረንጓዴዎች

ስልኩ ሲጠራ ገላነሽ ገና ሳታነሳው ልጄ ሞታለች ብላ ነበር። የሞተው የልጇ አስተማሪ ሀብተወልድ ነው። ልጇን ልደትን ግን ገድለሽዋል ብለው ይዘዋታል።

ኤረር በር አጠገብ ሀብተወልድ ወደተከራየው ቤት ስትደርስ፣ የሟቹ ባልደረባ መምህር ሰለሞን ግቢው ውስጥ ቃሉን ይሰጥ ነበር።

«ጠዋት ልደት ስትመጣ ከበር ሰላም ብያቸው ሄድኩ። ያው ሀብተወልድ እነዚያን ቢጫ የእሳት ራቶቹን እየለየ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፖሊስ እስኪጠራኝ እዚህ አልደረስኩም።»

ኢንስፔክተር ሐሊማ አመስግናው እናትና ልጅን ይዛ ገባች። አስከሬኑ ተነስቷል። ጠረጴዛው ላይ አሞኒያ የሚሸት ክፍት ብልቃጥ አለ፤ ውስጡ ገለባ የመሰሉ ቢጫ ራቶች። ገላነሽ የሟቹ ትንፋሽ ገና ከክፍሉ ያልወጣ፣ ክንፎቹም የሚርገበገቡ መሰላት።

«ሐኪሙ በትራስ ታፍኖ ነው ብሏል» አለች ሐሊማ። «አሞኒያውን አንቺ አመጣሽው?»

«ለአረንጓዴ ራት አሞኒያ? ጋሼ ሀብቴ ያባርሩኝ ነበር! በማቀዝቀዣ ነው የምንገድላቸው። አሞኒያ ቀለማቸውን ያጠፋዋል፤ ቢጫ ይሆናሉ። ጠዋት ከሶፊ ገጠር ሳመጣቸው የጫት ቀንበጥ ነበር የሚመስሉት።»

«ዝም በይ ልጄ!» አለች ገላነሽ።

«ትናገር እንጂ እማማ» አለች ሐሊማ። «የሚያሳስረው ዝምታ ነው።»

የቤቱ ባለቤት አው ሙሜ ከደጅ ጮኹ። «ወላሂ አረንጓዴ ነበሩ! በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። የእነዚህ ራቶች ትል ስንዝር እየለካ ይሄዳል ስትለኝ፣ ለክቶ ለማን ሊሸጠው ነው ብዬ ስቄባታለሁ።»

ሐሊማ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ልደት፣ መምህር ሰለሞን አገኘሁ እያሉ ለሰው ሁሉ የሚያወሩት አዲስ የራት ዝርያ ምን ዓይነት ነው?»

«ቢጫ ነው። ግን በክንፉ ላይ ያለው ነጭ መስመር፣ ላባ የመሰለው አንቴናው፣ ሁሉም ከእኛ አረንጓዴ ጋር አንድ ነው። ጋሼ ሀብቴ፣ በአሞኒያ ስለገደለው ነው እንጂ አዲስ አይደለም፣ ስሙን ሳያወጣለት ላሳየው ይሉ ነበር።»

«አሳይተውታላ» አለች ሐሊማ። «አረንጓዴ ራት እንዲህ የሚያበላሽ አዋቂ፣ ለሚጠራጠር ሰው ማሳየት የፈለገ ብቻ ነው። መምህር፣ ጠዋት ከበር ተመልሰው ቢሆን ኖሮ ያዩት አረንጓዴ ነበር። ቢጫ የሆኑት ልደት ከሄደች በኋላ፣ ብልቃጡ ውስጥ ነው። አስከሬኑ ከተገኘ ወዲህ ደግሞ ክፍሉ ታሽጓል። ታዲያ ቢጫቸውን መቼ አዩት?»



«ዓይኔ እያየ ነው የተለወጡት» አለ ሰለሞን። «ዝርያው በስሜ ሊጠራ ነበር። ለሁሉም ተናግሬአለሁ። እሱ ደግሞ ይስቃል… ትራሱ አጠገቤ ነበር።» ከዚያ ወደ ልደት ዞረ። «የእኔው አንድ ልዩነት እንኳ የለውም?»

«የለውም፣ ጋሼ።»

ፈረስ መጋላ አደባባይ እስኪደርሱ ገላነሽ የልጇን እጅ አልለቀቀችም።

«እማዬ፣ አሳመምሽኝ። ለቀቁኝ እኮ፤ አለቀ።»

«ያ ሰለሞን ባለፈው እሑድ ቤታችን ምሳ በልቶ የለ?» አለች ገላነሽ። «እንግዳ ነው ብዬ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። በዚሁ እጄ።»

ይህን ብላ የልጇን እጅ ይበልጥ ጠበቅ አደረገችው።