ያልተለቀመው ቀን

እኔ ብዙ ዋሽቼ አውቃለሁ። ይሄኛውን ግን አልዋሸሁም። ያላመነ ማንበቡን እዚህ ጋ ያቁም፣ አልቀየመውም።

ሐሙስ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት።

ኅዳር ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ፀሐይዋ ግን ፍንትው ብላለች።

ጨለማ የለ... ነጎድጓድ የለ... የሚያላዝን ውሻ የለ...

ቦታው ኬንታኪ ነው፣ ተራሮቹ መሃል። የበርል የማስታወቂያ ሱቅ።

እኔ እዚያ ስቲከር ለቃሚ ነኝ። ሰዉ ስኪተር ነው የሚለኝ፤ ቢንቢ ማለት ነው። ሲነክስ እንጂ ሲመጣ አይታይም ብለው ነው ያወጡልኝ።

ስቲከር መልቀም ምን መሰላችሁ... ማሽኑ ፊደሉን ይቆርጠዋል፣ ግን አያነሳውም። ፊደሉም ትርፉም ወረቀቱ ላይ አንድ ላይ ተኝተው ይቀራሉ። ላየው ሰው ባዶ ነው የሚመስለው። ትርፉን ነቅለህ ስታነሳ ነው ፊደሉ ብቻውን የሚወጣው። ምስር እንደ መልቀም በለው።

ባለሱቁ በርል ሥራውን ያስተማረኝ በስድብ ነው።

«ወደ ላይ አትጎትት፣ አንተ ደንቆሮ። ወደ ኋላ እጠፈውና ዝቅ አድርገህ ቀስ ብለህ ሳበው። ድመት ከብርድ ልብስ ውስጥ እንደምታወጣ።»

«ድመት የለኝም።»

«ጭንቅላትም የለህም።»

ከበረደው ሞቅ አድርገው። ሰፊ ከሆነ ትርፉን ቆራርጠህ አንሳ እንጂ ባንዴ አትገሽልጠው። የፊደሉን ሆድ፣ መሃሉ ላይ የሚቀረውን ትርፍ፣ በመርፌ ቀድመህ አውጣ። ሙጫው ላይ ጣትህን አታሳርፍ፣ አሻራህ መስታወት ላይ ዕድሜ ልኩን ይታያል።

ሌላም ነገር ይል ነበር። «ያልተለቀመ ጽሑፍ ጽሑፍ አይደለም። ጭረት ነው።»

እኛ ጋ ሰው ሲሞት ስሙ መኪና ላይ ይለጠፋል። የኋላ መስታወት ላይ። ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ ሰረዝ፣ የሞተበት ቀን። ቀይ መብራት ላይ ስትቆም ከፊትህ ያለውን ሟች እያነበብክ ነው የምትቆመው። ሱስ የሚያስይዘው ክኒን አገሩ ከገባ ወዲህ ደግሞ ከሱቅ ሥራ የሟች ሥራ ይበዛልናል።

ሰኞ ዕለት ሚስ ኦፓል መጡ።

የጓደኛዬ የዴንዚል እናት ናቸው። ዴንዚልና እኔ አብረን ነው ያደግነው፣ አብረን ነው የተገረፍነው። አንዴ ለዳኝነት ምርጫ በሚወዳደሩት ሰዎች ፎቶ ሁሉ ላይ፣ የሴቷም ሳይቀር፣ ከጥቁር ስቲከር ጺም ቆርጠን ለጥፈንላቸዋል።

«መታሰቢያ ላዝዝ ነው» አሉ ሚስ ኦፓል።

«አይዞዎት... ማን ሞተ?»

«ዴንዚል።»

ትናንትና እኮ አብረን ነበርን።

«አልሞተም» አሉ። «ገና ነው።»

መርፌዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ክኒኑ ጥሎት ሦስቴ ከወለል ላይ አንስቼዋለሁ ስኪተር። የሚያነቃውን መድኃኒት አፍንጫው ውስጥ ነፍቼ፣ ደረቱን ደቅቼ። ሦስቴ። በአራተኛው ጊዜ እዚህ መጥቼ ፊደል መምረጥ አልችልም። እጄ ሳይንቀጠቀጥ አሁን ልጨርሰው።»

«ሚስ ኦፓል... ልጅዎት በሕይወት አለ።»

«ጓደኛው አይደለህ? እስቲ እንግዲህ አንተ አቆየው። እኔ ደክሞኛል።»

ከበሩ ሲወጡ ዞር አሉ።

«የመጨረሻዋን ቀን ክፍት ተዋት።»

ክፍት ተውኩ። ማሽኑ ቆረጠ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ መልቀም ጀመርኩ።

ስሙን ለቀምኩ። የተወለደበትን ለቀምኩ። ሰረዟን ለቀምኩ።

ከሰረዟ ቀጥሎ ባዶ ነው። መርፌዬን እንዲያው አሳለፍኩበት...

ያዘኝ።

ባዶው ላይ መርፌዋ ተይዛ ቀረች።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስጄ ጎበጥ አደረግኩት። ፀጉር የምታክል የቁርጥ መስመር አለች። ኮምፒውተሩን ሄጄ አየሁ... ከሰረዙ በኋላ ምንም የለም።

ላዩ ላይ የሕፃን ፓውደር አሸሁበት። ይሄም የበርል ዘዴ ነው፤ ፓውደሩ ቁርጡ ውስጥ ይገባና መስመሩን ነጭ አድርጎ ያወጣዋል።

ቁጥሮች ወጡ።

የዚያው ሳምንት ሐሙስ።

አዲስ ስቲከር አስገብቼ እንደገና ቆረጥኩ። ፓውደር አሸሁ...

ሐሙስ።

ላቃጥለው አሰብኩ። ስሙም አብሮ ሊቃጠል ነው፤ ያን እጄ እሺ አላለኝም። እና ቀኗን አልለቅማትም አልኩ። ካልተለቀመ ጭረት ነው፣ አለቀ። ሁለተኛውን፣ ገና ስሙም ያልተለቀመውን፣ ቀዳድጄ ጣልኩ፣ የመጀመሪያውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ በጠዋት ዴንዚልን ከቤቱ ጎትቼ አመጣሁት። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው፣ ድልድዩን ተሻግሮ። ሥራ በዝቶብኛል አግዘኝ አልኩት። በርል የቤተ ክርስቲያን ምልክት ሊሰቅል ሩቅ ሄዷል፣ ሱቁ የእኛ ነው።

እንዳይሄድብኝ ደግሞ ቦት ጫማውን ሲያወልቅ ጠብቄ ጣሪያው ላይ ወረወርኩለት።

«ጫማዬ የት አለ?»

«እረፍት ወጥቷል።»

«እገልሃለሁ ስኪተር።»

«ነገ ግደለኝ። ዛሬ ልቀም።»

ዴንዚል መልቀም ይችልበታል፣ ከእኔ ይሻላል። ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያልበዋል፣ ያካል፣ በሩን ያያል። ትንንሾቹን ትርፎች ታውቋቸዋላችሁ፣ ከመርፌው ሲወድቁ የነኩት ላይ ነው የሚጣበቁት። ክርናችን፣ ሱሪያችን፣ ፀጉራችን በፊደል ሆድ ተሞላ። እኔም አንዷን ቀይ ክብ ጆሮው ሥር ለጠፍኩበት። አላወቀም። ባየኋት ቁጥር ሳቄን እውጣለሁ።

«ትንሽ አየር ልውሰድ» አለ።

«አየር እዚህም አለ።»

«እናቴ ናት ጠብቀው ያለችህ?»

«እናትህ እኔን አምና ዳቦ እንኳ ግዛ ብላ አትልከኝም።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

«ሰሞኑን አታየኝም እኮ» አለ። «ሳሎን ቁጭ ባልኩበት መብራቱን አጥፍታብኝ ትገባለች።»

ሌላ ሥራ አቀበልኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፊት ለፊቱ በር ደወል ጮኸ።

ጀልባው ላይ ቁጥር ሊያስጽፍ የመጣ ሽማግሌ ነው። ቁጥሩን ነግሮኝ አይሄድም፣ ስለ ዓሣ ያወራልኛል። እኔ ጆሮዬ ኋላ ነው። አንዴ ብርድ እግሬን ነካኝ... በር የተከፈተ መሰለኝ። ሽማግሌውን ትቼ መሄድ ነበረብኝ። እሱ ደግሞ የዓሣውን ርዝመት በእጁ እያሳየኝ ነበር።

ሲሄድልኝ ወደ ኋላ ሮጥኩ።

ዴንዚል ቦታው ላይ ተቀምጧል።

እፎይ አልኩ። የኋላው በር ግን ገርበብ ብሏል።

«ወጥተህ ነበር?»

«በካልሲ የት እሄዳለሁ?»

ድምፁ ዝቅ ብሏል... ሰው የተኛበት ቤት ውስጥ እንደሚያወራ።

ከዚያ ጠረጴዛውን አየሁ። መሳቢያው ተከፍቷል። የስሙ ስቲከር ፊት ለፊቱ ተዘርግቷል።

«ይቺ ቀርታህ ነበር» አለ። «ጨረስኩልህ።»

ቀኗ ተለቅማለች።

እኔ ይሄን ሥራ ስሠራ እንደዚያ ያለ ልቅም ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አንድ ጫፍ አልተነሳ፣ አንድ ጥግ አልተቀደደ።

«ትርፉ የታለ?»

«የምን ትርፍ?»

ጠረጴዛው ላይ የለም። ወለሉ ላይ የለም። ጣቱ ላይ የለም።

እጁ አይንቀጠቀጥም። አያልበውም።

ክርኑን አየሁ። ንጹሕ ነው። ፀጉሩ ንጹሕ ነው። ያ ሁሉ የፊደል ሆድ ወንበሩ ሥር ረግፏል። ቀይዋም ክብ እዚያው ወድቃለች።

አነሳኋት። ሙጫዋ ጣቴን ይዞ አልለቅ አለኝ፤ አዲስ ናት። እየቀለድኩ መስዬ ጆሮው ሥር መለስኳት።

ወደቀች።

ደግሜ ጫን አድርጌ ለጠፍኩ። ቆዳው ቀዝቃዛ ነው...

ወደቀች።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምንም። ልቀም።»

ብርዱ ነው አልኩ። ስቲከር ብርድ ላይ አይይዝም፣ ሁሉም ለቃሚ ያውቃል። ለራሴ እንደዚያ አልኩት።

ማታ ወደ እኔ ቤት ወሰድኩት። ጫማውን ላወርድለት ስል አያስፈልገኝም አለ። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አቀረብኩለት፣ አልነካውም። ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ አደረ። እንቅልፍ ጥሎኝ ብንን ስል ሐሙስ አልፏል። ዴንዚል ቁጭ ብሏል።

አቆየሁት አልኩ። እመኑኝ፣ ብቻዬን እንደ ሞኝ ሳቅኩ።

ዓርብ ጠዋት ሱቁን ስንከፍት ሚስ ኦፓል በር ላይ ቆመው ነበር። የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ዴንዚል አጠገቤ ነው፣ ትከሻ ለትከሻ።

«አቆየሁልዎት» አልኳቸው። ደረቴን ነፍቼ።

«ምኑን?»

ወደ ዴንዚል አገጬን ቀሰርኩ። እሳቸው የጠቆምኩበትን አዩ... ከዚያ እኔን አዩ።

«ልወስደው ነው የመጣሁት። የመጨረሻዋን ቀን ጨምርባት። ትናንት ናት።»

«ሚስ ኦፓል...»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል በጓሮ በር ገባ። በካልሲ። ጫማውን የት ጥሎት እንደመጣ እንጃ። ክፍሉ ገብቶ ዘጋው።»

ዴንዚል አልተንቀሳቀሰም።

«መድኃኒቱ ኪሴ ውስጥ ነበር» አሉ። «በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ሲወድቅ ሰምቻለሁ። እጀታውን ይዣለሁ።»

መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ያዝኩት ስኪተር... ያዝኩት እንጂ አላዞርኩትም። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አትጠይቀኝ።»

«ሰምቼሽ ነበር ማሚ» አለ ዴንዚል። «ከበሩ ኋላ ስትተነፍሺ።»

ሚስ ኦፓል አንገታቸውን ትንሽ ዘንበል አደረጉ፣ ጎረቤት ሬዲዮ የተከፈተ ይመስል። ከዚያ ቦርሳቸውን መጎርጎር ጀመሩ።

አፌን ከፈትኩ። ቆሟል ልበላቸው? እጀታውን ላላዞረች እናት ልጅሽ ይኸው ይሰማሻል ይባላል?

ስቲከሩን አወጣሁ። ቀኗ ላይ ምንም የሚጨመር አልነበረም። እሳቸውም ተለቅማ ሲያገኟት ለምን ብለው አልጠየቁኝም።

የመኪናቸውን የኋላ መስታወት ጠረግኩ፣ ሞቅ አደረግኩት፣ ለጠፍኩ። ቀስ ብዬ፣ ዝቅ አድርጌ ፊደሉን የተሸከመውን ቴፕ ሳብኩ። ስሙ መስታወቱ ላይ ቀረ። ሰረዟም፣ ቀኗም።

«እኔ ልጫነው» አሉ። አረፋ እንዳይቀርበት በመዳፋቸው ፊደል በፊደል እያሹ ጀመሩ።

ዴንዚል የመኪናውን በር ከፍቶ ገባ። በሩ ሲዘጋ ድምፅ አልሰማሁም። ወንበሩ ላይ ተንበርክኮ ወደ ኋላ ዞረና ፊቱን ከስሙ ኋላ መስታወቱ ላይ አስጠጋ።

መስታወቱ ጉም ለበሰ።

ሚስ ኦፓል በእጅጌያቸው ጠረጉት። አልጠፋም።

ትንፋሽ ጨመሩበትና ጠረጉት። አልጠፋም።

ጉሙ ይሰፋል፣ ይሳሳል... ይሰፋል፣ ይሳሳል...

«ይሄ መስታወት ምን ነካው?» አሉኝ።

ከውስጥ ነው ልላቸው ነበር። አላልኩም። እሳቸው ከውጭ ይጠርጋሉ... ይጠርጋሉ...